ለሻለቃው የተጻፈው ማመልከቻ

ዛሬ አስር ሰዓት ላይ ትነግራታለች። ይኼ ያለቀ ነገር ነው። ትናንት ጠዋት ሊቨ ከሥራ እንደወጣች ሩቤ ከተማ ፖስታ ቤት ገብታ የጥሪ ማስታወቂያውን ሞልታለች፤ ማስታወቂያው ድንበር ተሻግሮ ቤልጅክ አገር ሊንደርቤክ ደርሷል፤ የሊንደርቤክ ፖስተኛም እንደ ወጉ በብስክሌቱ ሄዶ የሮማኒን በር አንኳኩቷል፤ «ነገ በአስር ሰዓት ከፈረንሳይ ስልክ ይደወልልሻልና ፖስታ ቤት ተገኚ» ብሏታል፤ ሮማኒም የደዋዩን ስም ከፖስተኛው ሰምታ ወረቀቱን ከምድጃው በላይ ካለው መደርደሪያ ላይ፣ ከባሏ ከካሚል ፎቶግራፍ አጠገብ አቁማዋለች። ሊቨ ያንን መደርደሪያ ታውቀዋለች። እንግዲህ መመለስ የለም፤ እስከዚያ ድረስ መተኛት ብቻ ነው የቀራት፣ እንቅልፉ ግን እንቢ አለ። ሌሊቱን ሙሉ በአረጋውያኑ ቤት ስትዞር አድራለች፣ አንዱን ስታገላብጥ፣ ሌላውን ውኃ ስታጠጣ፣ እግሯ እንደ እርሳስ ከብዷል፤ መጋረጃው ተዘግቷል፤ ግን ቀን ቀን ነው፣ በመጋረጃው ስንጥቅ ይገባል፣ ከግቢው ማዶ ያለው የሽመና ፋብሪካም እንደ ባቡር ይንገጫገጫል፣ ታች ያለችው ማዳም ኦርታንስም ባልዲዋን ታንኳኳለች። አርባ አራት ዓመቷ ነው። ከነዚህ ውስጥ ዘጠኙን አንዲት ወረቀት ይዛቸዋለች። ወረቀቷ ደግሞ የለችም፣ ተቃጥላለች፣ ሊቨ ራሷ ናት ያቃጠለቻት።

ጎኗን ትቀይራለች። ትራሱ ሞቋል። ጎኗን ስትቀይር ሊንደርቤክ ትገኛለች፤ ዘመኑ በፈረንጅ አርባ ሁለት ነው፣ መጋቢት፣ ጀርመኖቹ ከውል አዋዋዩ ሰውዬ በቀሙት ቤት፣ በመቀበያው መስኮት ጀርባ ተቀምጣለች። ማንም አስገድዶ አላስቀመጣትም፤ ከንቲባው «አንቺ ጀርመንኛ ተምረሻል፣ እኛን የሚያውቅ ሰው እዚያ ቢኖር ለከተማው ይሻላል» አላት፣ እሷም አመነችው፣ ደግሞም እውነት ነበር። ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግራ ይገባው ነበርና። ይኼ የጦር ሠራዊት ነው? ነው። ታዲያ ስለ ድንች ኮታና ስለ ብስክሌት ፈቃድ የሚወስነው ወታደር ነው? አይደለም። መለዮ ለብሷል፣ ሽጉጥ ታጥቋል፣ ትከሻው ላይ የተጎነጎነ ክር አለ፣ ግን ወታደር አይደለም፤ አገሩ ላይ የአውራጃ ጸሐፊ ወይም የግብር ሹም የነበረ ሰው ነው፣ የወታደር ልብስ አልብሰው የሰው አገር እንዲያስተዳድር የላኩት። ሊቨ ይህንን በሁለት ወር ውስጥ እንደ ዳዊት በቃሏ ያዘችው፦ ከታች ጸሐፊው፣ ከሱ በላይ ኢንስፔክተሩ፣ ከሱ በላይ የጦር አስተዳደር አማካሪው፣ ከሱ በላይ ከፍተኛ አማካሪው፣ ከዚያ ወዲያ ያሉት ብራስልስ ናቸው፣ የክፍል ሹሞቹና ከሁሉም በላይ የአስተዳደሩ ሹም። አማካሪው የሻለቃ እኩያ ነው፣ ከፍተኛ አማካሪው የሌተና ኮሎኔል። እኩያ ነው እንጂ ሻለቃ አይደለም። አንድ ወታደር እንኳ ማዘዝ አይችልም። እውነተኞቹ መኮንኖች ከኋላቸው «ጠባብ ሐዲድ» ይሏቸው ነበር፣ ትልቁ ባቡር የማይሄድባቸው ማለታቸው ነው፤ የሊንደርቤክ ሰው ደግሞ በራሱ አፍ «ትከሻው የሻለቃ፣ ቂጡ የጸሐፊ» ይል ነበር። ሊቨም ትስቅ ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበላት፣ እዚያ መስኮት ጀርባ ብዙ ጊዜ ስቃለች።

የሊንደርቤኩ አማካሪ ዶክተር ቮልራት ይባላል። ይባላል፣ አሁንም ይባላል፣ ጌንት እስር ቤት ተቀምጦ ችሎቱን ይጠብቃል። ክፉ ሰው ይመስል ነበር? አይመስልም። ጠዋት ጠዋት ኮቱን ከመስቀሉ በፊት ጉም ያለበትን መነጽር ይጠርጋል፣ «ደህና አደሩ፣ ወይዘሪት ኦስትሊንክ» ይላል፣ አፍንጫው ሁልጊዜ ጉንፋን የያዘው ነው። አንድ ነገር ብቻ ያንገበግበዋል። ሰው ትከሻውን እያየ ሻለቃ ብሎ ይጽፍለታል። በዚያው ሕንጻ ላይኛው ፎቅ ላይ ደግሞ የጦሩ አዛዥ አለ፣ እሱ የእውነት ሻለቃ ነው፣ በመጀመሪያው ጦርነት አንድ ጆሮውን ያጣ። «ለክቡር ሻለቃ» የሚል ደብዳቤ በመጣ ቁጥር አንዳንዱ ወደ ላይ ይወጣል፣ አዛዡም በመኮንኖቹ ምሳ ቤት ደብዳቤውን ከፍ አድርጎ እያነበበ «ክቡራን፣ አንድ ሰው አሳማ ለማረድ ፈቃድ እንዲሰጠው ሻለቃውን ለምኗል፣ ሻለቃው ማነው? እናንተ ውስጥ ሁለተኛ ሻለቃ አለ እንዴ?» ይላል። ሳቁ እስከ ታች ይሰማል። አንድ ቀን ቮልራት ከምሳ ተመልሶ ኮቱን ሳይሰቅል ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠና ሰርኩላር የሚሉትን የመመሪያ ደብዳቤ አስጻፋት። እሷው ናት በጽሕፈት መኪና የመታችው። ለጦር አስተዳደር ባለሥልጣናት የሚቀርብ ማመልከቻ ትክክለኛ ማዕረጋቸውን መያዝ አለበት፤ ያልያዘ እንደሆነ ለባለሥልጣኑ ሳይቀርብ በከተማው አስተዳደር በኩል ለአመልካቹ ይመለሳል። ስሙን ከነሙሉ ማዕረጉ ፈረመ፤ ማዕረጉ ከስሙ ይረዝም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከመስኮቱ ጀርባ ሁለት ማስቀመጫ ነበራት፦ በስተቀኝ የገቢ ሳጥን፣ በስተግራ የተመላሽ ቅርጫት። ሳጥኑ በየሰዓቱ ወደ አማካሪው ይገባል። ቅርጫቱ ሰኞ ሰኞ ብቻ ወደ ማዘጋጃ ቤት ይሄዳል።

ታዲያ ሊቨ ምን ታደርግ ነበር? ምላጭ ነበራት። መሳቢያዋ ውስጥ ምላጭና ጥቁር ቀለም አስቀምጣ፣ «ሻለቃ» የምትለዋን ቃል በቀስታ ትፍቃለች፣ ወረቀቱን በጥፍሯ ታለሳልሳለች፣ በላዩ ላይ ትክክለኛውን ትጽፋለች፣ ወደ ቀኝ ትጥለዋለች። ማንም ሳያዛት። የሰው ሁሉ የእጅ ጽሑፍ ታስመስላለች፣ የቄሱን፣ የመምህሩን፣ የቦይ ጠባቂውን። ከአርባ በላይ ማመልከቻ እንዲህ አሳልፋለች፣ ሰዎቹም አላወቁላትም፣ አንዳንዱ ብቻ ገምቶ እንቁላል ይልክላት ነበር። ይህን ለራሷ ስትነግር ደስ ይላታል፣ ደስታው ደግሞ ወዲያው ይመርራታል፤ ምክንያቱም አርባዎቹ ባይኖሩ አንዱ ይቀልላት ነበር። ትእዛዝ ነው፣ እጄ ታስሯል፣ ማለት ትችል ነበር። እጇ ግን አልታሰረም። ምላጩ መሳቢያው ውስጥ ነበር፣ ያን ዕለትም።

ክፉ ሥራዋ የሚጀምረው በቅቤ ሰልፍ ነው። እንዴት ያለ ነገር ነው፣ ሰው በቅቤ ሰልፍ ይሞታል? ሮማኒ ወፍራም፣ ቀይ፣ ሳቂታ ሴት ነበረች፣ ባሏ ካሚል ጡብ ፋብሪካ ነው የሚሠራው፣ ዝምተኛ ነው፣ እሱ የሚተወውን ንግግር ሁሉ እሷ ትናገርለታለች። ረቡዕ ዕለት ሰልፉ ላይ ሊቨ ከፊቷ ነበረች፣ ባለሱቁም «ወይዘሪት፣ እርስዎ ወደ ፊት ይለፉ» አላት፣ ሊቨም አለፈች፤ ለምን አለፈች? ቀዝቅዟት ነበር፣ ሥራ ረፍዶባት ነበር። ያኔ ሮማኒ ሰው ሁሉ እንዲሰማ፣ «አሳልፏት እንጂ እናንተ! የአማካሪው ቀለም ናት፣ እስክትደርቅ ነው የሚንከባከባት!» አለች። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። አንድ አሮጊት እስኪያስላቸው ሳቁ። ሊቨ ቅቤዋን ይዛ ወጣች፣ ጆሮዋ እስከ ማታ ድረስ ይነድ ነበር። አባቷ በሕይወት ቢኖር «ነገር በሆድሽ አታሳድሪ» ይላት ነበር፣ እሷ ግን አሳደረች፤ ሐሙስንም አሳደረች። በዚያው ሐሙስ ሌሊት ከጣቢያው ወዲያ ያለው የባቡር ሐዲድ ተቆረጠና ጀርመኖቹ ከጡብ ፋብሪካው ከኋለኛው ፈረቃ አሥራ አንድ ወንዶች አፍሰው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ዘጉባቸው። ካሚል አንዱ ነበር። ሐዲዱን የቆረጠው እሱ አልነበረም፤ ማን እንደቆረጠው አሁንም ድረስ አይታወቅም።

ዓርብ ጠዋት መስኮቱ ፊት ሰባት ሴቶች ተሰልፈዋል። ሮማኒ አምስተኛ ናት። መሃረቧን ከአገጯ ስር አጥብቃ አስራለች፣ ቀዩ ፊቷ እንደ ሊጥ ነጥቷል፣ ማመልከቻውን መምህሩ ጽፎላታል፣ በሚያምር በተጠመዘዘ ጽሕፈት፣ «ለክቡር ሻለቃ ዶክተር ቮልራት» ብሎ። ሊቨ ተቀበለቻት። አነበበች። ባሏ ሳንባውን ታማሚ እንደሆነ፣ በዚያ ሌሊት ከሥራ ቦታው እንዳልተነሣ፣ ኃላፊው ምስክር እንደሆነ ይላል፤ ጥሩ ማመልከቻ ነው፣ ከሰባቱም ይሻላል። ምላጩ ከጉልበቷ በላይ ባለው መሳቢያ ውስጥ ነው። ሮማኒ በመስኮቱ ጠርዝ ላይ ጣቶቿን ደርድራ፣ «ሊቨ፣ እህቴ፣ ደህና ነው? ተሟልቷል?» ትላለች፣ አሁን እህቴ ናት፣ ረቡዕ ቀለም የነበረችው። ሊቨ ደግሞ ቀና ብላ በጀርመንኛ መለሰችላት። በጀርመንኛ! ለሮማኒ፣ አብረው አንድ የቁርባን ትምህርት ቤት ለተማሩት። «ተቀብለናል፣ የሚቀጥለው» ነው ያለቻት፣ ሮማኒ ቃሉን አታውቀውም፣ ቃናው ግን የቢሮ ነው፣ የእሺታ መሰላት፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ወጣች። ወረቀቱ በሊቨ እጅ ትንሽ ቆየ። ወደ ቀኝ ሁለት ጣት፣ ወደ ግራ ሁለት ጣት። ሰኞ አወጣዋለሁ፣ ብላ ነበር። ቅዳሜንና እሑድን ትንገብገብ፣ ሰኞ አርሜ አስገባላታለሁ። ልትገድለው አልነበረም፣ ልታስለቅሳት ነበር። ወደ ግራ ጣለችው።

ቅዳሜ በስድስት ሰዓት ሁለት ሰዎች ተፈቱ። የሁለቱም ማመልከቻ በቀኝ በኩል የገባ ነበር፤ ቮልራት መነጽሩን ጠርጎ አነበበ፣ አንዱ የታመመ ነው፣ አንዱ የስድስት ልጆች አባት ነው፣ ፈረመ። ሊቨ ሲፈርም አይታለች። ያኔ እንኳ፣ ያኔ ቅርጫቱን እጇ ቢነካው፣ ሦስተኛ ወረቀት ይዛ ብትገባ፤ ግን ምን ትላለች? ይህ ማመልከቻ ከትናንት ጀምሮ ለምን ግራ ነበር ቢላት? ቢሮው ተዘጋ። ቁልፉ ጮኸ። እሑድ ከቅዳሴ በፊት ሁለት የጭነት መኪና መጥቶ የቀሩትን ዘጠኙን ጫናቸው። ሰኞ ጠዋት ሊቨ ከሁሉም ቀድማ ገብታ ወረቀቱን ከቅርጫቱ አወጣችና የብረት ምድጃውን ከፍታ ጨመረችው፤ ወደ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ቢመለስ ሮማኒ ታውቃለችና። ከሰዓት በኋላ ሮማኒ መጣች። «ምነው? ምን አለ? አየልኝ ወይ?» ሊቨም በገዛ ቋንቋቸው፣ በዚህ ጊዜ በገዛ ቋንቋቸው፣ «ጠረጴዛው ላይ ነው ያለው» አለቻት። ካሚል በሁለተኛው ክረምት ጀርመን አገር ሞተ። ወረቀት መጣ፣ ሳንባ ይላል።

«ማዳም ቤልጅክ!» በሩ ይንኳኳል። ማዳም ኦርታንስ ናት፣ የቤቱ ባለቤት፣ ሊቨን ከስሟ ይልቅ በአገሯ መጥራት ይቀላታል። «እግርሽ ከላይ ሲረግጥ ይሰማኛል፤ ሌሊት የምትሠራ ሴት ቀን ትተኛለች እንጂ ወለል አትለካም። የቺኮሪ ቡና አለ፣ ውረጂ።» «ደህና ነኝ ማዳም፣ ትንሽ ልተኛ ነው።» «ልተኛ ነው፣ ልተኛ ነው! ባሌም እንዲህ ሲል ነው የሞተው።» ደረጃው እየተንጫጫ ትወርዳለች። ሊቨ ተነሥታ እንደቆመች ያኔ ነው ያወቀችው፤ መቼ ተነሣች? በባዶ እግሯ መስኮቱ ጋ ናት። ስድስት ዓመት ሆናት በዚህ አገር። አውራጃው ጽሕፈት ቤት ውስጥ ያለው መስኮት አሁንም ያስፈራታል፣ በየዓመቱ የመኖሪያ ካርዷን ልታሳድስ ስትሄድ፣ «ይህ ቅጽ የዚህ መስኮት አይደለም፣ አራት ቁጥር ይሂዱ» ሲሏት፣ አራት ቁጥር ደግሞ «ፎቶግራፉ ከጎን አይሆንም» ሲሏት፣ ሌላው ሰው ይሳደባል፣ እሷ ግን አንገቷን ደፍታ ትመለሳለች፣ ይገባኛል ትላለች፣ ለኔ ይገባኛል።

የማይገባት ሌላው ነው። መስከረም አርባ አራት፣ እንግሊዞቹ በገቡ ማግስት፣ ሕዝቡ ለጀርመን ያገለገሉ ሴቶችን ፀጉር እየላጨ አደባባይ ያዞር ነበር። ወደ ሊቨ ቤትም መጡ፣ መቀስ ይዘው፣ ግማሾቹ ልጅ ሆና አብረዋት የተጫወቱ ናቸው፣ ቫሌር ወንድሟ ከኋላ በር ሸሽቷል። በሩን ስትከፍት ጀርባ አየች። ሰፊ ጀርባ፣ የሮማኒ ጀርባ፣ መግቢያው ላይ ቆማ ሁለት እጇን እንደ በር ዘርግታ፣ «ማን ነው የሚነካት? እስቲ ይሞክር! ይቺ ሴት የኔን ማመልከቻ ጠረጴዛው ላይ አድርሳለች፤ ያላነበበው እሱ ነው፣ ሂዱና እሱን ላጩት!» አለች። አንዱ ከኋላ «ራሰ በራ ነው እሱማ!» አለ፤ ሳቁ፣ ተበተኑ። ሮማኒ ዞር ብላ ጉንጯን ሳመቻት። ሊቨ በዚያው ሳምንት ነው ሻንጣዋን ያሰረችው። ሰው ሁሉ ስደት የሄደችው ሰው ስለጠላት መሰለው። ስለሳሟት ነው የሄደችው።

ያለፈው እሑድ ቫሌር በሱቁ ስልክ ደወለላት፤ ሊቨ አረጋውያኑ ቤት ያለው የኃላፊዋ ስልክ ጋ ቆማለች፣ ሽማግሌ ሁሉ ያዳምጣል። መጥሪያው ደርሶሻል? ደርሶኛል። በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ነው፣ ጌንት፣ የጦር ፍርድ ቤት። «ስሚኝማ እህቴ፣ ቮልራት የዘጠኙን ሰዎች ነገር ወደ ሻለቃው ነው የሚያዞረው፣ ሻለቃው ደግሞ ሞቷል። የቀረ አንድ ነገር ነው፣ የካሚል ማመልከቻ። እኔ ዘንድ አልደረሰም፣ ቢደርስ እንደ ሁለቱ እፈታው ነበር ብሏል። ጠበቃው ምስክር የለም ብሎ ነው የሚኮራው። አንቺ አለሽ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት ትያለሽ። ሁለት ቃል ነው። ከዚያ ወደ ሊንደርቤክ እንደ ሰው ትመለሻለሽ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ሥራ ሊሰጥሽ ነው፣ ጠይቄልሻለሁ።» «እሺ ባልልስ?» «ምን ማለትሽ ነው? ጀርመኑን ልታድኚ ነው? ሮማኒ ፊት? ስሜን ሱቄ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ እኮ፣ ኦስትሊንክ ነው የሚለው፣ ያንቺም ስም ነው።» መስመሩ ላይ የሱቁ በር ደወል ይሰማል፣ ሰው ገብቶ ሁለት ኪሎ ጨው ይላል። ቫሌር ክፉ አይደለም። በሚቀጥለው ዓመት ሴት ልጁን ሊድር ነው።

ይኸው ነው እንግዲህ። አምስት ሌሊት ሙሉ አረጋውያኑን እያገላበጠች ይህንኑ አገላብጣዋለች። ቮልራት እውነቱን ነው፣ አልደረሰውም። ሮማኒም እውነቷን ነው፣ በእጇ ሰጥታለች። በሁለቱ እውነት መካከል ያለው ስፍራ የአንድ ሴት ቁመት ነው፣ እዚያ የቆመችው ደግሞ እሷ ናት። ውሸቱ ጥሩ ውሸት ነው፣ ክፉ ሰው ያስቀጣል፣ መበለት ያጽናናል፣ ወንድም ያኮራል፤ ሁለት ቃል ነው። አንድ ሌሊት ደግሞ ሌላ መውጫ አገኘች፣ ተነሥታ እስክትቆም ድረስ ደስ አላት፦ ሰርኩላሩ! ማመልከቻዎቹ እንዳይደርሱት ያዘዘው ራሱ ነው፤ እሷ እጁ ነበረች እንጂ ሌላ ምን ነበረች? ፊርማውን አውቀዋለሁ፣ ቀኑን አውቀዋለሁ፣ እላለሁ። እላለሁም፣ ይህን ትለዋለች፤ የሻለቃነት ሳቅ እንዳይሰማ ብሎ የሰውን ልመና ቅርጫት ውስጥ የከተተ ሰው ያንን ይስማ፣ ዳኞቹም ይስሙት፣ እሱም የራሱን ይሸከም። ግን በዚያ ካበቃች መስኮቱ ጀርባ ተቀምጣ የቀረች ማለት ነው። ምላጩንም ትናገራለች። አርባዎቹን ትናገራለች፣ ቀጥሎ አንዱን። ቅቤውን ትናገራለች፣ ዳኞቹ ይሳቁ። ምድጃውን ትናገራለች። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ሮማኒ፤ ሐሙስ ችሎት ላይ ከዳኛ አፍ መስማት የለባትም፣ ደብዳቤም አይሆንም፣ ለሮማኒ ደብዳቤ የሚያነብላት መምህሩ ነው። በድምፅ ነው መሆን ያለበት። በገዛ ቋንቋቸው።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ጫማዋን አሰረች። ኮቷ ላይ ያለውን አቧራ በእጇ መታ መታ አደረገች። ደረጃው ላይ ማዳም ኦርታንስ ባልዲዋን ይዛ ቆማለች። «ሳትተኚ? የሞትሽ ትመስያለሽ።» «ሥራ አለብኝ፣ ማዳም።» «ምን ዓይነት ሥራ?» «የቆየ» አለቻት ሊቨ፣ አለፈችም። ውጪ ዝናብ አባርቷል፣ የፋብሪካው ሴቶች ሁለት ሁለት ሆነው የሱፍ ብናኝ ከፀጉራቸው እየነቀሉ ይሄዳሉ፤ እሷ በመካከላቸው አለፈች፣ አልፈጠነችም፣ አልዘገየችም። ፖስታ ቤት ገብታ ስሟን ነገረች፣ ሦስተኛው ሳጥን አሏት፣ ጠባብ የእንጨት ክፍል ነው፣ በሩ ሲዘጋ የሰው ሲጋራ ይሸታል። ቆመች። ስልኩ ጮኸ።

«ሮማኒ ነኝ። ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ ልቤን ለምን ታወርጂዋለሽ! ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። ሐሙስ ትመጫለሽ ሲል ቫሌር ነግሮኛል፤ አልጋ አንጥፌልሻለሁ፣ ላባውን ትራስ አውጥቻለሁ። ምን ትበያለሽ?»

«ሮማኒ፣ አታቋርጪኝ። ማመልከቻሽ አማካሪው ዘንድ አልደረሰም።»

«እሱም እንደዚያ ነው የሚለው፣ ያ ውሸታም።»

«እሱ አይደለም የሚዋሸው። እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ።» ከዚያ ተናገረች። አልፈጠነችም። ምላጩን፣ ግራና ቀኙን፣ በጀርመንኛ ያለቻትን፣ ቅዳሜን፣ ሰኞን፣ ምድጃውን። ስትናገር በሳጥኑ እንጨት ላይ የተፈለፈለ የሰው ስም ታያለች፣ ዓይኗን ከሱ አላነሣችም። ስትጨርስ ከዚያ በኩል የሊንደርቤክ ፖስታ ቤት ይሰማል፣ ማህተም ሲመታ፣ ሰው ሲያስል።

«ይነጋገራሉ?» አለች መሐል ላይ ያለችው የስልክ ሠራተኛ በፈረንሳይኛ። «ይነጋገራሉ?»

«ዝም በይ አንቺ!» አለች ሮማኒ በፍላማንኛ። ከዚያ በቀስታ፣ «ለምን?» አለች።

ሰርኩላሩ ምላሷ ላይ መጣ። ዋጠችው። «ረቡዕ ቅቤ ሰልፍ ላይ ስለሰደብሽኝ።»

«ምን ብዬ?»

«የአማካሪው ቀለም ብለሽ።»

«አላስታውሰውም» አለች ሮማኒ፣ ድምፅዋ እንደ ሕፃን ሆኖ። «ሊቨ፣ እኔ እኮ አላስታውሰውም። ለሁሉም ሰው እንዲያ ነበር የምለው።» ትንፋሿ ይሰማል፣ የወፍራም ሰው ትንፋሽ። «ለዳኛው ትናገሪዋለሽ?»

«እናገራለሁ። ሁሉንም። የሱንም የኔንም።»

«ቫሌር ያውቃል?»

«ዛሬ ማታ እነግረዋለሁ።»

«ይጮኽብሻል። ሱቁን ሊዘጉበት ይችላሉ።»

«አውቃለሁ።»

«እኔም እጮኽብሻለሁ፤ አሁን ፖስታ ቤት ስለሆንኩ ነው፣ ሰው አለ።» ሊቨ ትጠብቃለች፣ ልትዘጋባት መብቷ ነው፣ ዝጊው፣ ትላለች በሆዷ፣ ብትዘጊውም ሐሙስ እመጣለሁ። ሮማኒ ግን አልዘጋችም። «በየትኛው ባቡር ነው የምትመጪው?»

«በመጀመሪያው። ሁለት ሰዓት ላይ ጌንት እገባለሁ።»

«አልጋውን አነሣዋለሁ። ቤቴ አታድሪም፣ ደግመሽ ደጄን አትረግጪም። ጣቢያ ግን እመጣለሁ። ከጣቢያው እስከ ችሎቱ ከኋላሽ ነው የምሄደው፣ ሰማሽ? ፈርተሽ ዞር ካልሽ እኔን ነው የምታገኚው።»

«አልዞርም» አለች ሊቨ።